በማያውቁት አገር ለመንዳት የጂፒኤስ መሣሪያ አመራረጥ

በማያውቀው አገር መኪና ለመንዳት የተዘጋጀ ሰው መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው የስክሪኑን ስፋትና የአምራቹን ስም ነው። ሁለቱም የሚታሰበውን ያህል ለውጥ አያመጡም። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች፣ ስልክም ይሁኑ ለመኪና ብቻ የተሠሩ፣ ያሉበትን ቦታ በማወቅ ረገድ እምብዛም አይበላለጡም። የሚለያዩት በውስጣቸው ባለው ካርታ፣ ካርታው በሚታደስበት አኳኋንና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራቸውን ምን ያህል መቀጠል እንደሚችሉ ነው። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከሚሄዱበት አገር ነው፤ ሱቁ በኋላ ይደርሳል።

መሣሪያው የሚሠራው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን መሆኑን መገንዘብ ምርጫውን ያቀልላል። የመጀመሪያው ሥራ የት እንዳሉ ማወቅ ነው። አሜሪካ የምታስተዳድረው ጂፒኤስ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ከ24 ያላነሱ ሳተላይቶች ያሉት ሲሆን የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራሉ። መሣሪያው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ይቀበልና ምልክቱ እስኪደርስ ከወሰደው ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል። ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ምንም ነገር ስለሌለ ለዚህ አገልግሎት ክፍያም፣ ሲም ካርድም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ሰማዩ ሳይጋረድ በሚታይበት ቦታ ተራ የሚባል ስልክ እንኳ ያለበትን ስፍራ በአምስት ሜትር ገደማ ልዩነት ለይቶ ያውቃል። ሁለተኛው ሥራ ያንን ነጥብ ካርታ ላይ አስቀምጦ መንገድ መምረጥ ሲሆን፣ ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ጂፒኤሱ አልሠራ አለኝ» ከሚሉት ተጓዦች የአብዛኞቹን ስልክ ተቀብሎ ያየ ሰው ሰማያዊዋ ነጥብ በትክክለኛው ቦታ ላይ እንዳለች፣ ዙሪያዋ ግን ባዶ ግራጫ ስክሪን እንደሆነ ይመለከታል። የጠፋው ካርታው ነው።

ስልክ፣ ለብቻው የተሠራ መሣሪያ ወይስ የመኪናው ስክሪን

በእኔ ግምት ለአጭር ጉዞ ለሚሄድና ጥሩ ስልክ ላለው ሰው ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገውም። ጉግል ማፕስ የሚፈልጉትን ክልል መርጠው አስቀድመው እንዲያወርዱ ይፈቅዳል፤ ሂር ዊጎ የአንድን አገር ካርታ በሙሉ ያወርዳል፤ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ደግሞ በ2004 በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ ተመሥርተው ያለ ኢንተርኔት ይመራሉ። ዌዝ የተባለው መተግበሪያ የመንገድ መጨናነቅን በመጠቆም የሚወደድ ቢሆንም ሥራው በኢንተርኔት ላይ የቆመ ስለሆነ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ብቸኛ መሪ አድርጎ መያዝ አይገባም። ያወረዱት ካርታ መንገዱን ያሳይዎታል እንጂ የዛሬውን መጨናነቅ ወይም ጠዋት የተዘጋውን ድልድይ አይነግርዎትም። ይህን ማወቅ ከፈለጉ የአገሩን ሲም ካርድ ወይም ኢሲም (ካርድ ሳይገባ በስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) መግዛት ይኖርብዎታል፤ የሮሚንግ ክፍያን፣ ማለትም የራስዎን ሲም በውጭ አገር ሲጠቀሙ የሚከፍሉትንም፣ ከመነሣትዎ በፊት መጠየቅ ይበጃል።

የስልክ ትልቁ ድክመት ሙቀት ነው። አፕል ለአይፎን ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው የፊት መስታወት ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። ስልኩ በአንድ ጊዜ ስክሪኑን ሙሉ አብርቶ፣ የሳተላይት ምልክት እየተቀበለና ቻርጅ እየተደረገ ሲሠራ የራሱም ሙቀት ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ቻርጅ መቀበሉን ያቆማል፣ በመጨረሻም «ስልኩ መቀዝቀዝ አለበት» ብሎ ሥራ ያቆማል፤ ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ መሐል ከተማ ውስጥ፣ መገንጠያው ሲቃረብ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልክ መያዣውን ከመስታወቱ ላይ አውርደው ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያድርጉት። በተጨማሪም ስልክ ሲደወልበት ካርታው በጥሪው እንደሚሸፈን፣ የጉዞ ጓደኛ ከሌለም አሽከርካሪው ወደ ስክሪኑ እጁን ለመስደድ እንደሚፈተን መዘንጋት አይገባም።

ለመኪና ብቻ የተሠራ እንደ ጋርሚን ወይም ቶምቶም ያለ መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ለወራት በሚቆይ ጉዞ፣ ኔትወርክ በሌለው ሰፊ አገር፣ ወይም ከተጎታችና ከከባድ መኪና ጋር ነው። ለከባድ መኪና የተሠሩት ሞዴሎች የተሽከርካሪውን ቁመትና ክብደት አስገብተው ዝቅተኛ ድልድይንና ክብደት የተገደበበትን መንገድ እንዲያስወግዱ ያስችላሉ፤ የተራ መኪና መሣሪያ ወይም የስልክ ካርታ በአብዛኛው ይህን አያደርግም። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲመርጡ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥሞና ያንብቡ። «አውሮፓ» ተብሎ የተጻፈበት መሣሪያ የትኞቹን አገሮች እንደሚያካትት፣ ካካተታቸውም ውስጥ ሙሉ ካርታ ያለው የትኛው እንደሆነና ዋና ዋና መንገዶች ብቻ ያሉት የትኛው እንደሆነ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል። «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚለው ቃልም የሚያመለክተው የእርስዎን ዕድሜ ሳይሆን አምራቹ መሣሪያው ያገለግላል ብሎ የሚወስነውን ዘመን ነው። ካርታውን ማደስ የሚቻለው በዋይፋይ ይሁን ወይስ ኮምፒውተር ያስፈልገው እንደሆነ፣ እንዲሁም አዲሱ ካርታ በመሣሪያው ማኅደር ውስጥ የማይበቃ ከሆነ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ። ባትሪው ለአንድ ሰዓት ገደማ የሚሆን ስለሆነ መሣሪያው በጉዞ ላይ የሚኖረው ከመኪናው ኃይል ነው፤ ገመዱም ሶኬቱም አብረው መገኘት አለባቸው።

ያገለገለ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ልዩ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ ከዚያ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሰው ሚያዝያ 6 ቀን 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ፕሮግራማቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ቀን ማሳየት ጀምረዋል። መሣሪያውን ይዘው ከቤት ውጭ ይውጡ፣ ሳተላይት እስኪያገኝ ይጠብቁ፣ ከዚያም ቀኑን ይመልከቱ። ቀኑ ወደ ኋላ ርቆ ከሄደ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

በኪራይ መኪና ውስጥ የተገጠመው ስክሪን ሰፊና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ካርታው መቼ እንደታደሰ የሚያውቅ የለም፣ አከራዩም ብዙውን ጊዜ አያውቅም። ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ያለው መኪና ከተሰጠዎት በስልክዎ ያወረዱትን ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ ማየት ይችላሉ፤ ለዚህ ብዙ መኪኖች የዩኤስቢ ገመድ ስለሚፈልጉ ጥራት ያለው ገመድ ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። አከራዮች በቀን ሒሳብ የሚያከራዩት ጂፒኤስ ለሁለትና ሦስት ቀን ቢያዋጣም ጉዞው ሲረዝም ሒሳቡ አዲስ መሣሪያ ወደሚገዛ ገንዘብ ይጠጋል።

አገሩ ምን ይፈልጋል

አንድ መሣሪያ በአንድ አገር ምርጥ፣ በሌላው ከንቱ ሊሆን ይችላል። ደቡብ ኮሪያ ዝርዝር የካርታ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ስትገድብ ስለኖረች ጉግል ማፕስ ለረጅም ዓመታት በዚያ አገር የመኪና አቅጣጫ መስጠት አልቻለም፤ የአገሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ኔቨር ማፕን፣ ካካኦ ማፕንና ቲማፕን ነው። በቻይና ደግሞ በሕግ የተደነገገው የካርታ መለኪያ ሆን ተብሎ ከዓለም አቀፉ የተዛባ በመሆኑ፣ ለዚያ ያልተዘጋጀ ካርታ ላይ ነጥብዎ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ርቆ ወንዝ ውስጥ ወይም ጎረቤት ሰፈር ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚያ አገር የሚኖሩ አሽከርካሪዎች ምን ይጠቀማሉ?» የሚል ቢሆን ጥሩ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአድራሻ ነገር ሲሆን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ መሣሪያው ወዴት እንደሚሄዱ ካልገባው የቀረው ጥራቱ አይጠቅምምና። በጃፓን አብዛኞቹ መንገዶች ስም የላቸውም፤ አድራሻ የሚነገረው በሰፈርና በብሎክ ቁጥር ነው። በዚህም ምክንያት በአገሩ መኪኖች ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች የሆቴሉን ስልክ ቁጥር ወይም ማፕ ኮድ የሚባለውን የቁጥር ስብስብ ተቀብለው ይመራሉ፤ የአገሩን ፊደል ለማያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በብሪታንያ ሰዎች የሚሰጡዎት የፖስታ ኮድ ነው። ከተማ ውስጥ ኮዱ ጥቂት ቤቶችን ብቻ ስለሚይዝ ደጃፍ ያደርስዎታል፤ ገጠር ውስጥ ግን ተራርቀው የተሠሩ ቤቶች አንድ ኮድ ሊጋሩ ስለሚችሉ ከሚፈልጉት ግቢ ርቆ «ደርሰዋል» ሊልዎ ይችላል። አየርላንድ ከ2015 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አድራሻ ኤርኮድ የተባለ የራሱን የፖስታ ኮድ ሰጥታለች፤ መሣሪያዎ ኤርኮድ የሚያነብ መሆኑን መጠየቅ ግን የእርስዎ ፋንታ ነው።

የመንገድ ስምም ሆነ የቤት ቁጥር በሌለበት አካባቢ የሚያስተማምነው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነው፤ እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። አስተናጋጅዎ «9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ» ብሎ የላከልዎትን ቁጥር 9.30 ብለው ካስገቡ ተሳስተዋል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ትክክለኛው 9.50 ይሆናል። በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ይህች የ0.20 ልዩነት ከመድረሻዎ 22 ኪሎ ሜትር ያርቅዎታል። መሣሪያው ምንም ስሕተት አያሳይም፤ በሙሉ ልብ ወደ ተሳሳተው ኮረብታ ይመራዎታል። ስለዚህ መሣሪያው ቁጥሩን በሁለቱም አጻጻፍ የሚቀበል ይሁን፣ እርስዎም ከመነሣትዎ በፊት የጠቅላላውን መንገድ ርዝመት አይተው ከሚያውቁት ጋር ያመሳክሩ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ከተሞች በሚበዙበት አገርም የሚያድንዎት ይኸው ማመሳከር ነው።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በካሊፎርኒያ መሣሪያውን የፊት መስታወት ላይ መለጠፍ የሚፈቀደው በተሳፋሪው በኩል ባለው የታችኛው ጥግ እያንዳንዱ ጎኑ 7 ኢንች በሆነ ካሬ ውስጥ፣ ወይም በአሽከርካሪው በኩል ባለው የታችኛው ጥግ እያንዳንዱ ጎኑ 5 ኢንች በሆነ ካሬ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰባት ኢንች ስክሪን ያለውን መሣሪያ ለመግዛት የጓጓ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። በብሪታንያ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት 200 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል፤ ካርታ እያየሁ ነበር ማለት ከቅጣቱ አያድንም። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ የት እንዳለ የሚያስጠነቅቀው አገልግሎት ደግሞ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ተጭኖ ቢመጣም በጀርመን አሽከርካሪው እየነዳ ሊጠቀምበት አይፈቀድለትም፤ ስዊዘርላንድ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይዞ መገኘትን ጭምር ትከለክላለች፤ በፈረንሳይ የሚሸጡት መሣሪያዎች ከ2012 ወዲህ የካሜራውን ትክክለኛ ቦታ ሳይሆን «አደገኛ ክልል» ብለው ረዘም ያለ የመንገድ ክፍል ያመለክታሉ። ድንበር ከመሻገርዎ በፊት ይህን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት የሚቻልበትን ቦታ በመሣሪያው ውስጥ ፈልገው ያግኙ፤ ማጥፋት የማይቻልበትን መሣሪያ አይምረጡ።

በኢጣሊያ ከተሞች ታሪካዊ እምብርት ዙሪያ ለነዋሪዎች ብቻ የተፈቀዱ ክልሎች አሉ፤ መግቢያቸው ላይ ያለው ካሜራ የታርጋዎን ቁጥር ይመዘግብና ቅጣቱ ከወራት በኋላ በአከራዩ በኩል ይደርስዎታል። መሣሪያው እነዚህን ክልሎች ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ቢያውቅም መንገዱ ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ለፈጣን መንገዶቻቸው አስቀድሞ የተከፈለበት ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ክፍያ ያለበትን መንገድ ለይቶ የሚያሳይና እንደ ፍላጎትዎ የሚያስወግድ መሣሪያ ይምረጡ። ብሪታንያና አሜሪካ ፍጥነትን በማይል እንደሚለኩ፣ አየርላንድ ግን በ2005 ወደ ኪሎ ሜትር እንደተሻገረች ማስታወስም ያስፈልጋል፤ ከሰሜን አየርላንድ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ የሚሻገር አሽከርካሪ የመለኪያውን ለውጥ የሚያየው በምልክቶቹ ላይ ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ራሱ የሚቀይር ቢሆን ይመረጣል።

ከመክፈልዎ በፊት

ሻጩ ስለ ስክሪኑ ጥራት ሲያብራራ በትዕግሥት ይስሙት፤ ከዚያ መሣሪያውን እንዲያበራልዎትና ሦስት ቦታ እንዲፈልጉ እንዲፈቅድልዎት ይጠይቁ። የመጀመሪያው የሚያርፉበት ቤት፣ ሁለተኛው በዚያ አገር ያለች አንዲት ትንሽ መንደር፣ ሦስተኛው በቅርብ ዓመታት የተከፈተ መንገድ ይሁን። ሦስተኛው ካልተገኘ ካርታው አርጅቷል ማለት ነው። ስሙን ሲጽፉ ከፊደሉ በላይ ወይም በታች የሚቀመጡትን ምልክቶች ትተው ይሞክሩ፤ ጥሩ መሣሪያ ያለ ምልክቶቹም ቦታውን ያገኘዋል።

ድምፁን ሳይሰሙ አይግዙ። አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ከማለት አያልፍም፤ ጽሑፍ የሚያነበው ድምፅ ግን የመንገዱን ስም ይጠራል። የውጭ አገር ስሞችን አዛብቶ መጥራቱ ባይቀርም መገንጠያዎች በተቀራረቡበት ቦታ ሁለተኛው ይሻላል። ቋንቋውን በሚመርጡበት ጊዜ የሚመረጠው ሳያስቡ የሚገባዎት ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ቋንቋ መለማመድ አይቻልም። የትኛውን የመንገድ ረድፍ መያዝ እንዳለብዎ በሥዕል የሚያሳይ፣ አደባባይ ሲቃረብም ስንተኛው መውጫ እንደሆነ ቀደም ብሎ የሚናገር መሣሪያ፣ በተለይ የለመዱት በቀኝ መንዳት ሆኖ በግራ ወደሚነዳበት አገር ከሄዱ፣ ጥቅሙ እጥፍ ድርብ ነው።

የሚነዱት መኪና የፊት መስታወት ሙቀት ለመከላከል በስስ ብረት የተለበጠ ከሆነ የሳተላይቱን ምልክት ሊያዳክም ይችላል። እንዲህ ባለው መስታወት ላይ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ መመልከቻው መስታወት አጠገብ ያልተለበጠ ቦታ ይተዋል፤ ምልክት አልገኝ ካለ መሣሪያውን ወደዚያ ያስጠጉት።

ከመነሣትዎ በፊት

ካርታውን በቤትዎ ዋይፋይ አውርደው ከጨረሱ በኋላ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ ያድርጉትና ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ማደሪያዎ ያለውን መንገድ እንዲያወጣልዎ ይጠይቁት። ካወጣ ዝግጁ ነው፤ ካላወጣ ችግሩን የሚያስተካክሉት ዋይፋይ አጠገብዎ እያለ ነው። ለብቻው የተሠራ መሣሪያ የያዘ ሰው ደግሞ ከረጅም በረራ በኋላ መሣሪያው ወዲያውኑ ቦታውን ላያገኝ እንደሚችል ይወቅ። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን የጉዞ መስመር ለመናገር 30 ሰከንድ፣ የሳተላይቶቹን አጠቃላይ ሰንጠረዥ ለማስተላለፍ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ስልክ ይህን መረጃ በኔትወርክ ስለሚያገኝ ነው ቶሎ የሚነቃው። ከመኪና ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ወጥተው፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ነጥቡ እስኪረጋ ይጠብቁ።

በመንገድ ምርጫው ማስተካከያ ውስጥ «አጭር» የሚለውን ትተው «ፈጣን» የሚለውን ይያዙ፤ ያልተነጠፈ መንገድንም እንዲያስወግድ ያድርጉ። አጭሩ መንገድ ለካርታው መስመር ብቻ ነው፤ የእርሻ መሐል ጥርጊያ ይሁን የወንዝ መሻገሪያ አይለይም። በ2012 የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ፖሊስ የአፕልን ካርታ በመከተል ወደ ሚልዱራ ከተማ ለሚሄዱ አሽከርካሪዎች ማስጠንቀቂያ ያወጣው፣ ካርታው ከተማዋን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ መሪ ሰንሴት በተባለው ብሔራዊ ፓርክ መሐል ስላስቀመጣት ነበር፤ ቦታው ውኃ የሌለበትና ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሊደርስ የሚችል ነበር። የአፕል ካርታ ስሕተቱ ታርሟል። ሆኖም ሰው በማይኖርበት አካባቢ ለሚያልፍ ሰው የወረቀት ካርታና ትርፍ ውኃ መያዝ አሁንም ተገቢ ነው፤ በአሜሪካ ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ያሉ ኃላፊዎችም ጎብኚዎች በጂፒኤስ ብቻ እንዳይታመኑ ይመክራሉ።

የተከራዩትን መኪና ወይም ጂፒኤስ ሲመልሱ የፈለጓቸውን አድራሻዎች ይሰርዙ፣ በብሉቱዝ ያገናኙትን ስልክዎንም ከመኪናው ዝርዝር ያስወግዱ፤ ብዙ መኪኖች ስልክ ሲገናኛቸው የስልክ ቁጥሮችን ዝርዝር ገልብጠው ያስቀራሉና። የራስዎን መሣሪያ ይዘው ከሆነም መያዣውን ከመስታወቱ ላይ ነቅለው መውሰድዎን አይርሱ።